ቦዩን የቆፈሩት ሰዎች ስም



ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሙስሊም ያልሆነ መንገደኛ ወደ ከተማይቱ ክልል ሳይገባ እንዲታጠፍ የሚያዝ ምልክት ቆሟል። ስለዚህ በጅዳ የምትኖሩ ምእመናን ሚስፈላ የሚባለውን የመካ ሰፈር የምታውቁት በስሙ ነው። ስሙ ግን ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ ሙስሊም የሆኑ የአገራችን ልጆች ይኖሩበታልና። ሚስፈላ ማለት በዐረብኛ «ታችኛው» እንደ ማለት ነው። የላይኛው ሰፈር መዕላ ይባላል። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ጎርፉ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው በሚስፈላ በኩል ነው። ከአፍሪካ ለጸሎት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ በጉልበታቸው የሚያድሩ ድሆችም ለብዙ ዘመን የተጠጉት በዚህ ታችኛ ሰፈር ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ላቀርብላችሁ የምፈልገው አሳብ ስለ ውሃና ስለ ስም ነው። በዚያች ከተማ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ የውሃ ቦይ አለ። ቦዩ የሚጠራው በአንዲት ንግሥት ስም ነው። የቆፈሩትን ሰዎች ስም ግን የሚነግረን የለም። በባዕድ አገር በጉልበታችን የምንኖር እኛ ከዚህ የምንማረው ነገር ያለ ይመስለኛል።

ቦዩ ዐይን ዙበይዳ ይባላል፤ «የዙበይዳ ምንጭ» ማለት ነው። ዙበይዳ እ.ኤ.አ. ከ786 እስከ 809 በባግዳድ የነገሠው የኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ሚስት ነበረች። መካ በተራሮች መካከል ያለች ደረቅ ከተማ ናት፤ የተጓዡ ቁጥር በበዛ ጊዜ የጕድጓዶቿ ውሃ አይበቃም ነበር። ንግሥቲቱ ይህን ችግር አይታ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ፣ ከዓረፋት ባሻገር ካለው ከናዕማን ሸለቆ ውሃ እንዲመጣ አዘዘች። የጥንት የዐረብ ታሪክ ጸሐፍት ለሥራው 1.7 ሚሊዮን የወርቅ ዲናር ወጣ ብለው ይተርካሉ።

የቦዩ አሠራር ዛሬም ያስደንቃል። ውሃውን የሚገፋ ሞተር የለም፤ የሚነዳው የምድሩ ዝቅታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሸለቆው እስከ ከተማይቱ ድረስ ቦዩ በጣም ቀስ ብሎ እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ በድንጋይ ተገነባ። ዝቅታው ከበዛ ውሃው ግንቡን ይሸረሽራል፤ ካነሰ ደግሞ ይቆማል። በአንዳንድ ስፍራ የተራራውን ወገብ ታክኮ በግንብ ላይ ይሄዳል፤ በሌላ ስፍራ ከምድር በታች ይገባል። እዚያም ሠራተኛ ወርዶ ደለሉን የሚጠርግባቸው የጕድጓድ አፎች በየርቀቱ ተከፍተዋል።

በአሥራ ስድስተኛው ምእተ ዓመት ቦዩ በመፈራረሱ የቱርኩ ሱልጣን የሱሌይማን ልጅ ልዕልት ሚህሪማህ ገንዘብ አውጥታ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ውሃው መካ የገባው ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1571 ነው። በዚያ ዘመን የኖረው የመካ ታሪክ ጸሐፊ ቁጥብ አል-ዲን አል-ነህረዋሊ ስለ ድካሙ ጽፎልናል። ዓለቱ ለመዶሻ አልበገር ባለ ጊዜ ሠራተኞቹ እንጨት ከምረው ሌሊቱን ሙሉ እሳት ያነዱበት ነበር፤ ድንጋዩ በሙቀት ሲላላ ጥቂት ይቆርጣሉ፤ በማግሥቱ ሌሊት ደግሞ እንደገና ያነዳሉ። እንዲህ እያሉ በመካ ዙሪያ የማገዶ እንጨት እስኪታጣ ድረስ ሠሩ።

ዛሬ ከተማይቱ የምትጠጣው ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከሹዐይባ ጨውነቱ ተጣርቶ በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ነው። የዙበይዳ ቦይ ሥራውን ጨርሶ ቅርስ ሆኗል። በዓረፋትና በሚና አካባቢ ተራራውን ታክኮ የሚሄደው የድንጋይ ግንብ ይታያል፤ ጎብኚም ቆሞ ያደንቀዋል፣ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ላብ የፈሰሰበት ስፍራ ከዘመናት በኋላ የዓይን ማረፊያ ሆነ። ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ በደግ ሰው እጅ የተሠራ ነገር ሁሉ ዕድሉ ቢሆን እንዲህ አምሮ ማርጀት ነው። የንግሥቲቱም ምጽዋት ሊመሰገን ይገባዋል። ለተጠማ ማጠጣት በጌታችን ዘንድ የተቈጠረ የምሕረት ሥራ ነውና እኛ ክርስቲያኖች ይህን ሥራ በሙስሊም ሴት እጅ ስናየውም እናከብረዋለን።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የሰጪዋን ስም እናውቃለን፤ የወርቁን ቁጥር እናውቃለን፤ የማገዶውን ነገር እንኳ እናውቃለን። እሳቱን ያነደደው ሰው ማን ይባል ነበር? ደለል ሊጠርግ በጕድጓዱ አፍ ወርዶ ያልተመለሰው የማን ልጅ ነበር?

ይህ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሃይማኖት ጕድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ገዛ ወገኖቻችን ልውሰዳችሁ። በካናዳ ከኦታዋ ከተማ እስከ ኪንግስተን 202 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ሪዶ የሚባል የጀልባ ቦይ አለ። እንግሊዞች ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ቢነሣ ሠራዊትና ስንቅ ለማጓጓዝ ብለው እ.ኤ.አ. ከ1826 እስከ 1832 አሠሩት። ያ የተፈራው ጦርነት አልመጣም። ቦዩ ለጊዜው የንግድ ዕቃ ሲያመላልስ ቆየ፤ በኋላ ባቡር ሥራውን ወሰደበት። ዛሬ በበጋ የመዝናኛ ጀልባዎች ይመላለሱበታል፤ በክረምት በኦታዋ መካከል የሚያልፈው ክፍል በረዶ ሲሠራ ሰባት ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ ሜትር የበረዶ መንሸራተቻ ይሆናል። ዩኔስኮም በ2007 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በእንግሊዝም እንዲሁ ነው፤ የድንጋይ ከሰል ይጓጓዝባቸው የነበሩት የአገር ውስጥ ቦዮች በ1968 በወጣ ሕግ ብዙዎቹ ለመዝናኛ ጀልባ ተለይተው እንዲጠበቁ ተደርጓል።

የሪዶን ቦይ ከቆፈሩት መካከል ብዙዎቹ ከአየርላንድ የተሰደዱ ድሆችና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን፣ ይኸውም ካቶሊኮች ነበሩ። ረግረጉን በአካፋና በዶማ ሲቆፍሩ ወባ ገባባቸው። በዚያ ዘመን ወባ ከመጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር እንጂ ከትንኝ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ሺህ ያህል ሰው በበሽታና በሥራ አደጋ እንደ ሞተ ይገመታል፤ ብዙዎቹም ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበሩ። ሥራውን ያዘዘው የኮሎኔል ጆን ባይ ስም ከተማ ተሰይሞበት ነበር፤ ኦታዋ አስቀድማ ባይታውን ትባል ነበርና። ለቆፋሪዎቹ የኬልት መስቀል በኦታዋ የቆመላቸው በ2004 ነው። ከሞታቸው በኋላ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ያን መስቀል ለማቆም የተጉት የሠራተኛ ማኅበራትና የአየርላንድ ተወላጆች ናቸው። መስቀሉ ቢቆምም የብዙዎቹ ስም አልተገኘም፤ ስም በጊዜው ካልተጻፈ በኋላ ድንጋይ አይተካውም።

በቅዱስ መጽሐፍ ምድር ግን ከዚህ የተለየ ነገር አለ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ ውሃ እንዳታጣ ከግዮን ምንጭ እስከ ሰሊሆም መጠመቂያ ዓለት አስፈልፍሎ ውሃ እንዳስገባ መጻሕፍተ ነገሥት ይነግሩናል። ዋሻው 533 ሜትር ርዝመት አለው፤ ዛሬ ጎብኚዎች እግራቸውን በውሃው እያረጠቡ ያልፉበታል። በ1880 በዋሻው ግድግዳ ላይ በጥንታዊ ዕብራይስጥ የተቀረጸ ጽሑፍ ተገኘ። ጽሑፉ የንጉሡን ስም አያነሣም። የሚናገረው ስለ ቆፋሪዎቹ ነው። ከሁለት ወገን ተነሥተው ሲቆፍሩ ጥቂት ክንድ ሲቀራቸው አንዱ የሌላውን ድምፅ እንደ ሰማ፣ በመጨረሻም ዶማ ከዶማ እንደ ተገናኘ ይተርካል። ከድካማቸው መካከል ያንን የደስታ ሰዓት የመዘገበ ሰው ነበረ። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሄደህ ታጠብ ብሎ የላከው ወደዚሁ ውሃ ነው፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ የሰሊሆም ትርጓሜ «የተላከ» መሆኑን ይነግረናል። ያ ሰው ዓይኑ የበራበት ውሃ ስማቸው ባይታወቅም ድምፃቸው በተሰማላቸው ሠራተኞች እጅ የመጣ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የሐበሻ ጉልበት በመካና በጅዳ ያልታየበት ዘመን የለም። በ1885 በመካ የተቀመጠው የኔዘርላንድ ምሁር ስኑክ ሁርግሮንየ በየቤቱ የሚያገለግሉ የሐበሻ ባሮች እንደ ነበሩ ጽፏል። በሳዑዲ ዐረቢያ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1962 ነው። የእነዚያ ሰዎች ስም የት አለ? ባለቤቶቻቸው ያወጡላቸው ስም ምናልባት በአንዳንድ ውል ላይ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል፤ እናቶቻቸው ያወጡላቸውን ግን ማን ጻፈው?

ዛሬ ባርነት የለም፤ የስም ነገር ግን አልቀለለም። ወደ ሳዑዲ ለቤት ሥራ የሄዱ ብዙ ክርስቲያን እህቶቻችን በፓስፖርታቸው ላይ የተጻፈው የሙስሊም ስም ነው፤ ጉዞው እንዲቃና ሲባል የተቀየረ። ቤት ሲገቡ ደግሞ ማዳሟ ለአፏ የሚቀላትን ሌላ ስም ታወጣለች። እንዲህ ሆኖ አንዲት እህት ሦስት ስም ይኖራታል፦ በክርስትና የተቀበለችው፣ በፓስፖርት ላይ ያለው፣ በቤት የምትጠራበት። በሕይወት ሳለች ሦስቱንም ራሷ ታውቃቸዋለች። ያመማት ወይም የሞተች ዕለት ግን ስሞቹ ይለያያሉ። ሐኪም ቤቱ የሚያውቀው አንዱን ነው፤ አሠሪዋ የምታውቀው ሌላውን ነው፤ ቤተሰቧ ስልክ እየደወሉ የሚጠይቁት ደግሞ ሦስተኛውን ነው። ካህኑ ጸሎተ ፍትሐት ለማድረስ ስመ ክርስትናዋን ሲጠይቅ የሚነግረው ይታጣል። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ቁጥሩ ተመዝግቧል። በዚያ መካከል ተጠፋፍተው እስከ ዛሬ የልጃቸውን ዜና የሚጠብቁ እናቶች ግን ቁጥር አያጽናናቸውም።

ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ ይህን ሐዘን ታውቀዋለች። በዳርፉር ተወልዳ በሕፃንነቷ በባሪያ ነጋዴዎች ተነጠቀች፤ ከድንጋጤዋ ብዛት ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ረሳችው። ባኪታ የሚለውን ስም የሰጧት የነጠቋት ሰዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በጥምቀት ዮሴፊና ብላ ጠራቻት፤ በ2000 ደግሞ በቅዱሳን መዝገብ ጻፈቻት። ስሟን የነጠቋትን ሰዎች የሚያስታውሳቸው የለም፤ እርሷን ግን በየዓመቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ፌብሩዋሪ 8 ቀን ዓለም ሁሉ ስሟን ይጠራል።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው መንፈሳዊ ነው፦ «ስማችን በእግዚአብሔር ዘንድ ከታወቀ ይበቃል፤ ጌታችን ቀኝ የምትሠራውን ግራ አትወቅ አላለምን?» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ትእዛዝ የተሰጠው ምጽዋት ለሚሰጠው ሰው ነው። ሰጪ የራሱን ስም ቢሰውር ትሕትና ነው። የሠራተኛን ስም ሌላ ሰው ቢሰውርበት ግን ትሕትና አይባልም፤ ዕዳ ነው። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያደሱትን ሰዎች በየሠሩበት ስፍራ በስማቸው ዘርዝሮ የጻፈው እግዚአብሔር ስለማያውቃቸው አልነበረም፤ እኛ እንድናውቃቸው ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከኑሮ የሚነሣ ነው፦ «ደሞዟ ለተያዘባት፣ ኢቃማዋ ላለፈባት እህት የስም መዝገብ ምን ይፈይድላታል?» ይህን የሚል ሰው ልቡ ለወገኑ የሚያዝን ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ደሞዝ የሚጠየቀውም በስም ነው። በሐኪም ቤት የምትገኘውም፣ አስከሬንዋ ለቤተሰቧ የሚደርሰውም በስም ነው። አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያሉት ስለ ዝና ብቻ አይመስለኝም፤ ስም የሌለው ሰው በሕይወቱም ሆነ በሞቱ ጠያቂ የለውም።

ስለዚህ ይህን አሳስባለሁ። እያንዳንዳችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ስመ ክርስትናችሁን፣ በአገር ቤት የምትጠሩበትን ስም፣ በፓስፖርት ላይ ያለውን ስም፣ የተጠመቃችሁበትን ቁምስና፣ የቅርብ ዘመዳችሁንም ስልክ ጻፉ። አንዱን ቅጅ ለቤተሰባችሁ ላኩ፤ አንዱን ለምታምኗት እህት ወይም ለምታምኑት ወንድም ስጡ። ያላችሁበት ሁኔታ አደጋ ካለው ወረቀቱን አጠገባችሁ አታስቀምጡ፤ በማኅበራዊ ገጽም አታውጡት። ደኅንነታችሁ ይቀድማል።

ከእኛ ከአገልጋዮች ደግሞ የሚጠበቅ ነገር አለ። ስደተኞች የሚገለገሉበት ቁምስና ሁሉ የሙታኑን መዝገብ በጥንቃቄ ይያዝ፤ መዝገቡ ተቈልፎ ይጠበቅ፤ ካህን በተቀየረ ጊዜ ለተተኪው በእጁ ይሰጥ። በኅዳር ወር ለሙታን በምንጸልይበት ጊዜና በመስከረም መጨረሻ እሑድ በሚከበረው የስደተኞች ቀን ስማቸው በቅዳሴ መካከል ይነበብ። በቅዳሴያችን ላንቀላፉት የምንጸልይበት ጊዜ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ የጎደለው የስማቸው ዝርዝር ነው። ሙስሊም እህታችን ብትሞትም ዜናዋን ለቤተሰቧ ማድረስ የእኛም ግዴታ ነው፤ እናቷ የምታለቅሰው እንደ እናታችን ነውና።

ሥራችሁ በባዕድ ቤት የሚፈስስ ውሃ ነው። የምታሳድጓቸው ልጆች ያድጋሉ፤ የምታስታምሟቸው ሽማግሌዎች በእጃችሁ ያርፋሉ፤ የምትሠሩት ሕንጻ ለሌላው ማረፊያ ይሆናል። አንዱ ይዘራል ሌላውም ያጭዳል የተባለው በእናንተ ላይ በየቀኑ ይፈጸማል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሠራችሁበት ስፍራ የሚዝናኑ ሰዎች ይኖራሉ፤ ይዝናኑ፤ እግዚአብሔር ይባርክላቸው። እኛ የምንለምነው የሠራው ሰው ስም አብሮ እንዲነሣ ነው።

ለመካ የመጀመሪያው ውሃ በንግሥት አልመጣም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የዘምዘምን ምንጭ የሚያያይዙት ከአጋር ጋር ነው፤ በየዓመቱ የሚሰበሰበው ሕዝብም በሰፋና በመርዋ መካከል ሲመላለስ የሚያስበው የእርሷን ፍለጋ ነው። አጋርን እኛም በኦሪት ዘፍጥረት እናውቃታለን። ግብፃዊት ናት፤ በሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ተጨቍና ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። ታሪኳን ስታነቡ ልብ በሉ፤ ሣራና አብርሃም በንግግራቸው አንድ ጊዜም በስሟ አይጠሯትም፤ «ባሪያዪቱ» ይሏታል። በስሟ የጠራት በውሃው ምንጭ አጠገብ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ከየት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎ የጠየቃትም እርሱ ነው። እርሷም ለእግዚአብሔር የሚያይ አምላክ ብላ ስም አወጣችለት።

በየቤቱ ያላችሁ እህቶች፣ በየሥራ ቦታው ያላችሁ ወንድሞች፣ እናንተንም የሚያይ አምላክ በስማችሁ ያውቃችኋል። ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያ መልአክ ልትጠራችሁ ይገባታልና ስማችሁን ስጧት።

የስደተኞች እናት ቅድስት ድንግል ማርያም በጥላዋ ትጠብቃችሁ፤ በባዕድ ምድር ያንቀላፉትን ሁሉ፣ ስማቸው የታወቀውንም ያልታወቀውንም፣ ጌታ በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን። አሜን።